ያልኖሩበት ዘመን ናፍቆት

ሜይ 15 ቀን 1976 ቅዳሜ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በለንደን መሀል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሃይድ ፓርክ ተነስተው ወደ ቢቢሲ ሕንፃ እየተመሙ ነው። ወንዶቹ ኮሌታው ከፋይ የሆነ፣ ጉልበት ሊደርስ ጥቂት የቀረው ረጅም ኮት ለብሰዋል። ሱሪያቸው እግራቸው ላይ ተጣብቋል፤ ጫማቸው ወፍራም የጎማ ሶል አለው፤ ጸጉራቸው በቅባት ተበጥሮ ከግንባራቸው በላይ ተቆልሏል። ሰልፉ የደመወዝ ጥያቄ አልነበረውም፤ ጦርነትን የሚቃወምም አልነበረም። ብዙ ሺህ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታቸው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሬዲዮው የ1950ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል እንዲያጫውት።

ቢቢሲ ሰማቸው። ብዙም ሳይቆይ በራዲዮ 1 ለዚሁ ሙዚቃ የተመደበ ሳምንታዊ ዝግጅት ተጀመረ፤ አቅራቢውም ለዚህ ጉዳይ ሲሟገት የነበረው ስቱዋርት ኮልማን ሆነ።

ከሰልፈኞቹ መካከል በ1950ዎቹ ወጣት የነበሩ አሉ። ሙዚቃው ሲወለድ ገና ዳዴ ይሉ የነበሩ ወይም ጨርሶ ያልተወለዱም አሉ። እኔን የሚገርሙኝ እነዚህ ሁለተኞቹ ናቸው። ሰው የወጣትነቱን ዘፈን ቢናፍቅ ወግ ነው። ያልኖረበትን ዘመን፣ ያልረገጠውን አገር ሙዚቃ አደባባይ ወጥቶ መልሱልኝ ሲል ግን በትክክል ምን እንደናፈቀ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ የገባኝ፣ የናፈቁት አንድ ድምፅ መሆኑ ነው፤ ሦስት ሰዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመው በእጃቸው የሠሩት ድምፅ። ያ ድምፅ ደግሞ ከዕቃው ተለይቶ አይኖርም። ሮካቢሊ የሚባለው የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ስለ ዘፋኞቹ አውርቶ ሳይጨርስ ወደ ጊታር ወሬ የሚገባው ለዚህ ነው።

ያቺ ጠባብ ክፍል ያለችው በቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 ነው። የአላባማ ተወላጁ የሬዲዮ ባለሙያ ሳም ፊሊፕስ በ1950 መጀመሪያ ላይ መቅረጫ ስቱዲዮ አድርጎ ከፈታት። "ሰን" የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ያቋቋመው በ1952 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዛት ይቀርጽ የነበረው የጥቁር ሙዚቀኞችን ብሉዝ ነው፤ ሃውሊን ዎልፍ፣ ቢ.ቢ. ኪንግ፣ ጁኒየር ፓርከር በዚያች በር ገብተው ወጥተዋል።

ጁላይ 5 ቀን 1954 ምሽት ላይ በክፍሏ ውስጥ ሦስት ሙዚቀኞች ብቻ ነበሩ። ኤልቪስ ፕሪስሊ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚተዳደረው በጭነት መኪና ሾፌርነት ነው። ስኮቲ ሙር የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቢል ብላክ ደግሞ ቆመው የሚያቅፉትን ትልቁን ቤዝ ይዘዋል። ድራም የለም። ከመሸ ጀምሮ የሞከሯቸው ለስለስ ያሉ ዘፈኖች ለሳም አልጣሙትም፤ ሰዓቱም እየገፋ ነው። ዕረፍት ላይ ሳሉ ኤልቪስ ጊታሩን እየገረፈ፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ የአርተር ክሩዳፕን አንድ ብሉዝ እንደ ቀልድ ጀመረው። ቢል ቤዙን አንስቶ ተከተለው፤ ስኮቲም ገባበት። ሳም ከመቆጣጠሪያው ክፍል ብቅ ብሎ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀ። እነሱም በቅጡ አያውቁትም ነበር። ከመጀመሪያው እንዲደግሙት ነግሯቸው ቴፑን አስነሳ።

"ዛትስ ኦል ራይት" እንዲህ ነው የተቀረጸው። ለሸክላው ሁለተኛ ገጽ የመረጡት የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ በቫልስ ምት ቀስ አድርጎ የዘፈነውን "ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ" ነው፤ እሱንም አፈጠኑት። አንደኛው ገጽ ከጥቁሮች ብሉዝ፣ ሌላኛው ከነጭ ገጠሬዎች ዘፈን የመጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው ከዚያ ምሽት ልክ ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 17 ቀን ነበር። በሜምፊስ አውቶቡስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን በማይቀመጥበት ጊዜ፣ የሁለቱ ዘፈን ፊትና ጀርባ ሆኖ በአንድ ሸክላ ወጣ።

ድራም አለመኖሩን ልብ ይሏል። ምቱን የያዘው የቢል ብላክ ቤዝ ነው። አጨዋወቱን ቀርቦ ያየ ሰው አይረሳውም። ቀኝ እጅ ክሩን ከሥር ይይዝና ወደ ውጭ ስቦ ይለቀዋል። ክሩ ተመልሶ የቤዙን አንገት ሲመታ ከኖታው ጋር አብሮ "ጧ" የሚል ደረቅ የእንጨት ድምፅ ይወጣል። ወዲያው መዳፍ ክሮቹን ጠፍ ያደርጋቸዋል፤ ሁለተኛ "ጧ"። ስለዚህ አንድ እጅ በአንድ ጊዜ ቤዝም ድራምም ይጫወታል ማለት ነው። ፍጥነት ሲጨመር በመሀል አንድ ጥፊ ተደርቦ ይገባና የጋላቢ ፈረስ ኮቴ የመሰለ ድምፅ ይፈጠራል። ጀማሪ ጣቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ብዙዎችም ጣታቸውን በፕላስተር ጠቅልለው ነው የሚጫወቱት። የድምፁ ጉልበት ከዚህ ድካም የመጣ ይመስለኛል። የዚያን ዘመን ሸክላ ሲያዳምጡ ሥጋ ከእንጨት ጋር ሲታገል ይሰማል።

ሁለተኛው ነገር ኤኮው ነው። ሳም ፊሊፕስ ሁለት የአምፔክስ ቴፕ መቅረጫዎች ነበሩት። ድምፁን በአንዱ እየቀረጸ ያንኑ በሌላው ያሳልፈውና መልሶ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። በቴፕ መቅረጫ ላይ ድምፁን የሚጽፈው ሄድና የሚያነበው ሄድ ተራርቀው ነው የተተከሉት፤ ቴፑ ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ዘንድ እስኪደርስ ቅንጣት ጊዜ ያልፋል። በመካከላቸው ሁለት ኢንች ቢኖርና ቴፑ በሰከንድ 15 ኢንች ቢሮጥ መዘግየቱ 0.13 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ጆሮ ይህን አንድ ድምፅ ነው ብሎ አይቀበለውም። ድምፁ ግድግዳ ነክቶ የተመለሰ ይመስለዋል። ጠባቧ ክፍል አዳራሽ ሆነች፤ ሦስቱ ሰዎች በረከቱ። ሙዚቀኞች ይህን "ስላፕባክ" ይሉታል።

ዛሬ ስላፕባክ በማንኛውም የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ብዙ የሮካቢሊ ወዳጆች ግን ያረጀ የቴፕ ማሽን እያሳደዱ፣ እያስጠገኑ ይኖራሉ። ከንቱ ግትርነት አይደለም። ቴፕ ሲሮጥ ፍጥነቱ በጥቂቱ ይዋዥቃል፤ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከሄደው ደብዘዝ ይላል። ኮምፒዩተሩ ምንም ካልተነገረው ድምፁን እንዳለ ነው የሚመልሰው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከለዩት ግን ጆሮ ወደ ኋላ አይመለስም።

ወደ ጊታሮቹ እንምጣ። ስኮቲ ሙር በዚያ ምሽት የተጫወተበት ጊብሰን ኢኤስ-295 ነው፤ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጊታር። በ1955 ደግሞ ሬይ በትስ የተባለ ሰው የሠራውን ማጉያ ገዛ። በትስ ኬይሮ በምትባል የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ማጉያው ውስጥ ራሱን የቻለ የቴፕ ኤኮ ሠርቶ አስገባና "ኤኮሶኒክ" አለው። የሳም ስቱዲዮ ድምፅ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ መውጣት ቻለ። በትስ በጠቅላላው የሠራቸው ከሰባ አይበልጡም፤ ካርል ፐርኪንስና ሮይ ኦርቢሰንም ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ።

የዚህ ሰው ሥራ በዚያ አላበቃም። የጊታር ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ባለ አንድ ጥቅል የሆነው ፒክአፕ ግን በግድግዳው መስመር ያለውን የኤሌክትሪክ እዝታም አብሮ ይለቅማል። በትስ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝቶ እዝታው እርስ በርሱ እንዲጣፋ አደረገ። ግሬሽ የተባለው የብሩክሊን ጊታር ፋብሪካ ወሰደውና "ፊልተርትሮን" በሚል ስም በጊታሮቹ ላይ ገጠመው። ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የሱቅ ባለቤት ለዚህ ሙዚቃ ኤኮውንም ፒክአፑንም ሰጥቶታል። የኤልቪስ ምስል በየግድግዳው ተሰቅሎ የበትስ ስም መቅረቱ ይቆጨኛል።

ግሬሽን በ1883 የመሠረተው ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ አጋማሽ የናሽቪሉን ታላቅ ጊታር ተጫዋች የቼት አትኪንስን ስም የያዘ 6120 የተባለ ሞዴል አወጣ። ዛሬ የሮካቢሊ ወዳጅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው ጊታር ይህ ነው፦ ብርቱካናማ ቀለም፣ ትልቅ ክፍት ሆድ፣ በሰውነቱ ላይ እንደ ከብት መለያ የተተኮሰ "ጂ" ፊደል፣ አንገቱ ላይ የተቀረጹ ቁልቋልና የበሬ ራስ። አትኪንስ ራሱ ይህን የከብት አርቢ ጌጥ አልወደደውም ነበር። በጊታሩ ግርጌ ደግሞ የቢግዝቢ እጀታ አለ። ሠሪው ፖል ቢግዝቢ የካሊፎርኒያ የብረት ባለሙያ ነው። ክሮቹ የሚታሰሩበት ዘንግ ከሥሩ ስፕሪንግ አለው፤ እጀታውን በቀስታ ሲጫኑት ክሮቹ ሁሉ በአንድነት ይላላሉ፣ ሲለቁት ይመለሳሉ፤ ኮርዱም ይንቀጠቀጣል።

በዚህ እጀታ ማንም እንደ ክሊፍ ጋለፕ አልተጫወተም ብል ብዙ ተከራካሪ አላገኝም። ጋለፕ በ1956 ከዘፋኙ ጂን ቪንሰንት ጋር "ቢ-ቦፕ-ኤ-ሉላ"ን በናሽቪል ሲቀርጽ የያዘው ጥቁር ግሬሽ ዱዮ ጄት ነበር። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መምቻ ይይዛል፤ በሁለቱ ቀጣይ ጣቶቹ የብረት መምቻ ይሰካል፤ ትንሿ ጣቱ የቢግዝቢውን እጀታ ትቆጣጠራለች። አምስቱም ጣት ሥራ አለው። ከቪንሰንት ጋር የቆየው ግን ወራት ብቻ ነው። ጉዞው ሰልችቶት ወደ ቨርጂኒያ ቤቱ ተመለሰ፤ በ1988 አረፈ። እንግሊዛዊው ጄፍ ቤክ፣ ጊታርን ወደ አዲስ መንገድ ከወሰዱት ታላላቆች አንዱ፣ በ1993 "ክሬዚ ሌግስ" የተባለ ሙሉ አልበም የጋለፕን ሶሎዎች እንደ ነበሩ ለመጫወት ብቻ ሠራ። እንዲያ ያለ ሙዚቀኛ የራሱን ነገር ሳይጨምር የሌላውን እጅ በትሕትና ሲከተል መስማት ናፍቆት እስከ ምን ሊከበር እንደሚችል ያሳያል።

የሮካቢሊ የመጀመሪያ ዘመን አጭር ነበር። የ"ብሉ ስዌድ ሹዝ" ደራሲ ካርል ፐርኪንስ ዘፈኑ ጫፍ በደረሰበት በማርች 1956 ወደ ኒውዮርክ ሲጓዝ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። ኤልቪስ በ1958 ውትድርና ገባ። በፌብሩዋሪ 1959 በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ባዲ ሆሊ ሞተ። ኤዲ ኮክራን ተከተለ።

ኮክራን የ6120ው ታላቅ ባለቤት ነው። የአንገቱን ፒክአፕ አውልቆ በጊብሰን ፒ-90 ተክቶት ነበር፤ ብዙ ወዳጆች ዛሬም ይህንኑ ለውጥ በራሳቸው ጊታር ላይ ይደግሙታል። በኤፕሪል 1960 በብሪስቶል ከጂን ቪንሰንት ጋር የመጨረሻ ትርዒቱን አሳይቶ በሌሊት ወደ ለንደን ሲጓዝ መኪናው ቺፐናም ከተማ ላይ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ። በማግስቱ፣ በፋሲካ ዕለት፣ ኤፕሪል 17 በ21 ዓመቱ ሞተ። ጊታሩ ተረፈ። ጥቂት ጊዜ በፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ሳለ፣ በኋላ ዴቭ ዲ በሚል ስም ዘፋኝ የሆነው ወጣት ፖሊስ በዚያ ጊታር ኮርድ ተለማምዷል ይባላል። በአደጋው ቦታ ለኮክራን የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ ልጅ በሃያ አንድ ዓመቱ ስለሞተባት ያቺ ጸጥተኛ የእንግሊዝ ከተማ የሮካቢሊ ወዳጆች መሳለሚያ ሆናለች።

ሰዎቹ ካለፉ በኋላ ጊታሩም ሊከተላቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ግሬሽ በ1967 ባልድዊን ለተባለው የፒያኖ ኩባንያ ተሸጠ። ሥራው ከብሩክሊን ወደ አርካንሶ ግዛት ቡንቪል ተዛወረ፤ በ1973 ፋብሪካው ተቃጠለ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጊታር ማምረቱ ቆመ። በዚያው ሰሞን ብራያን ሴትዘር የሚባል የሎንግ አይላንድ ወጣት በ1959 የተሠራ ብርቱካናማ 6120 ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ስትሬይ ካትስ የተባለው ባንዱ እንደ ሜምፊሶቹ ሦስት ሰው ነው፦ ጊታር፣ በጥፊ የሚመታ ቤዝና ቆሞ በጥቂት ድራም የሚጫወት ድራመር። አገራቸው ስላልሰማቸው በ1980 ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ የ1976ቱ ሰልፈኞችና ታናናሾቻቸው እዚያ ነበሩና። በእንግሊዝ ገንነው በ1982 ወደ አሜሪካ ሲመለሱ አልበማቸው በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ።

ብርቱካናማውን ጊታር በቴሌቪዥን ያየ ወጣት ግን አዲሱን የሚገዛበት ሱቅ አልነበረም። የቀረው የአያቶችን ቁም ሳጥንና የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችን ማሰስ ነው፤ ዋጋውም አሻቀበ። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ፍሬድ ግሬሽ በ1985 ኩባንያውን መልሶ ገዛ፤ ከ1989 ጀምሮም ጊታሮቹ በጃፓን እንደገና መሠራት ጀመሩ። አትኪንስ በመካከሉ ወደ ጊብሰን ስለሄደ 6120ው ለዓመታት "ናሽቪል" ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1993 የሴትዘር ስም ያለበት ሞዴል ወጣ። ወዳጆቹ ግን በዚህም አልረኩም። የእንጨቱን ውፍረት፣ የውስጡን ድጋፍ፣ የፒክአፑን ሽቦ ከአሮጌዎቹ ጋር እያስተያዩ ይሄ ጎደለ፣ ያ ተረሳ ይሉ ነበር። ቲቪ ጆንስ የተባለ የጊታር ባለሙያ የበትስን ፊልተርትሮን እንደ ጥንቱ አድርጎ መሥራት ጀመረ፤ ፋብሪካው ራሱ የእርሱን ፒክአፖች ተቀበለ። ናፍቆት ብዙውን ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀር ስሜት ነው። እዚህ ላይ ግን የቆመ ፋብሪካ አስነስቷል።

ጃፓን ሌላ ታሪክ አላት። የኦክላሆማዋ ዋንዳ ጃክሰን "ፉጂያማ ማማ" የተባለው ዘፈኗ በአገሯ ብዙም ሳይሰማላት በጃፓን ተወደደ፤ በ1959 ሄዳ በየከተማው ዘፈነች። ዘፈኑ የሂሮሺማንና የናጋሳኪን ስም እያነሳ የሚጫወት መሆኑን ሳስብ አቀባበሉ ዛሬም ይደንቀኛል። እሁድ እሁድ በቶኪዮ ዮዮጊ መናፈሻ መግቢያ ላይ ጥቁር ቆዳ ጃኬት የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ወደ ላይ ያቆሙ ጨፋሪዎች ዛሬም ይሰበሰባሉ። አስፋልት ላይ የሚጨፈርበት ጫማ አይበረክትምና በቴፕ ጠቅልለውት ይታያል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጉልበታቸው ግን አልቀነሰም።

ማዕበሉ አዲስ አበባንም ነክቷል። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስን ዘፈኖች ይዘፍን፣ አለባበሱንም እንደ አሜሪካኖቹ ያደርግ ነበር፤ የኢትዮጵያው ኤልቪስ የሚል ስምም ወጥቶለታል። ዓመታት አልፈው ደግሞ ከፈረንሳይ ብሪታኒ የመጣው የባዱም ባንድ ሙዚቀኞች የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ድምፅ ከ"ኢትዮፒክስ" አልበሞች አጥንተው ከእርሱ ጋር በአንድ መድረክ ተጫወቱ። ያንን ዘመን አልኖሩበትም። የለንደኖቹ ሰልፈኞች ስሜት ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ስለ ሮካቢሊ ናፍቆት ግን በሙሉ ልብ ጥሩ ብቻ ልናገር አልችልም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ብዙ የአውሮፓ የሮካቢሊ ወጣቶች ባርነትን ለማቆየት የተዋጉትን የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ጃኬታቸው ላይ ሰፍተው ይዞሩ ነበር። አንዳንዱ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ የዓመፅ ምልክት መስሎት ነው። ቢሆንም ሙዚቃውን ራሱን መካድ ነው። ካርል ፐርኪንስ በልጅነቱ ጊታር የተማረው አብሮት ጥጥ ከሚለቅም ጆን ዌስትብሩክ ከተባለ ጥቁር ሽማግሌ ነው። የኤልቪስን የመጀመሪያ ዘፈን የደረሰው አርተር ክሩዳፕ ለዘፈኖቹ የሚገባውን ክፍያ ለማግኘት ዓመታት ተሟገተ፤ ተደረሰ የተባለው ስምምነት መጨረሻ ላይ ፈረሰና በ1974 በድህነት ሞተ። የጊታሩን ፒክአፕ ሽቦ ዙር ሳይቀር የሚቆጥር ወዳጅ ይህንን ሳይቆጥር ቢቀር ትዝታው ጎዶሎ ነው። ደግነቱ፣ ዛሬ ክሩዳፕንና ጥቁሯን ጊታር ተጫዋች ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ከኤልቪስ እኩል የሚያነሱ ወዳጆች አሉ።

ይህን ሙዚቃ አዲስ የሚጀምር ሰው ምን ልስማ ቢለኝ ከክሩዳፕ "ዛትስ ኦል ራይት" እንዲነሳ እመክረዋለሁ፤ ቀጥሎ የቢል ሞንሮን "ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ"። ሁለቱም የተቀረጹት በ1946 ነው። ከዚያ የሰን ሸክላ ቁጥር 209ን ፊቱንም ጀርባውንም። በመጀመሪያ ዘፋኙን ትቶ የቢል ብላክን ቤዝ ብቻ መከተል ነው፤ በሁለተኛው የስኮቲን ጊታር፤ በሦስተኛው ከእያንዳንዱ ድምፅ ኋላ የምትመጣዋን ማሚቶ። ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ "ዛትስ ኦል ራይት" ሁለት ደቂቃ አይሞላም።